ስለ ሱፐር ግሉና ስለ እንጨት ሥራ ያለኝ አስተያየት

በዚህ መጽሔት ስለ ታላላቅ ጉዳዮች የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙ ስለ ሆኑ፣ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ብጽፍ ቅር እንደማትሰኝብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው መስከረም የጊፋታ በዓል ሲቃረብ የአያቴ የዋንዛ በርጩማ አንድ እግሩ ከብሱ ወጣ። እኔም ከሶዶ ገበያ አንዲት ሱፐር ግሉ ገዝቼ ጥቂት ጠብታ ጨመርሁና ተጭኜ እስከ ሠላሳ ስቆጥር ያዘ። እናቴ «እጅህ ይባረክ» ስትለኝ ከአናጢው አጎቴ የበለጥሁ መሰለኝ። በበዓሉ ዕለት ግን አያቴ ተቀምጠው ጎረቤት ሊያነጋግሩ ዘወር ሲሉ እግሩ ቀጭ ብሎ ተለየ። እጃቸው ወለም ብሏቸው ወጌሻ ተጠራ። (እሳቸው ያዘኑት ግን በፈሰሰው ቡና ነበር።)

ከዚያ በኋላ ነገሩን መረመርሁ። ይህን ሙጫ በ1942 እ.ኤ.አ. ሃሪ ኩቨር የተባሉ አሜሪካዊ ኬሚስት ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሲፈልጉ አግኝተውት፣ የነካውን ሁሉ ስላጣበቀ ትተውት ነበር፤ ለገበያ የወጣው በ1958 ነው። የሚደርቀው በዕቃው ገጽ ላይ ካለው ጥቂት እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። በደንብ በገጠሙ ሁለት ገጾች መካከል ስስ ሆኖ ሲገባ በርትቶ ይይዛል። ነገር ግን ክፍተት አይሞላም፤ ከደረቀም በኋላ ተሰባሪ ስለ ሆነ ምትና ጥምዘዛ አይችልም። የአያቴ በርጩማ ብሱ ሰፍቶ ነበር፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሳይነቃነቅ አይውልም።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ብልቃጧን ወረወሯት። በዚህስ ከጋሼ ጋር አልስማማም። ሰጋቱራ ነስንሶ ትንሽ ስንጥቅ ለመድፈን፣ የተነሣ ስንጣሪ ለመመለስ፣ ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ትንሽ ጌጥ በቦታው ለማቆየት ከእርስዋ የሚሻል አላየሁም። እኔ የምቃወመው ክብደት ተሸካሚ መጋጠሚያ በእርስዋ ብቻ ተይዞ ሲሸጥ ነው። ገዢው ቀለም ከተቀባ በኋላ ውስጡን አያይም፤ ገንዘቡን ግን አምኖ ይከፍላል። የእኛም ተማሪዎች ለኤግዚቢሽን ቀን ብቻ የሚቆም ወንበር ሠርተን ማርክ ብንቀበል ከዚያ ሻጭ በምን እንለያለን?

በርጩማውን አጎቴና እኔ እንደ ገና ሠራነው። በእግሩ ጫፍ ሽብልቅ አስገብተን፣ ነጭ ኮላ ቀብተን፣ በገመድ ጠፍረን አሳደርነው። አያቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከመቀመጣቸው በፊት በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ይፈትኑታል፤ እኔንም ቀና ብለው ያዩኛል።