«ተናገር!» ያለው ሐኪም ነው ወይስ መርማሪ?

በአማርኛችን የሐኪሙም የፖሊሱም ሥራ በአንድ ቃል ይጠራል፤ «ምርመራ»። ሰላም ውሎ ላደረ ሰው ይህ ቁም ነገር አይመስልም። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በየቀበሌው እስር ቤት ወፌ ላላ እየተገረፈ «አውጣ! ተናገር!» ሲባል ያደረ ሰው ግን ሁለቱ ምርመራዎች የተለያዩ መሆናቸውን ለማመን ማረጋገጫ ይሻል። ቢሻ ይፈረድበታልን?

ዛሬ ስለ አእምሮ ቁስል የሚመክሩ ባለሙያዎች በርክተዋል። እሰየው ነው። ጠባችን ከአንድ ልማዳቸው ጋር ነው። የተገፋ ሰው ፊታቸው ተቀምጦ ዝም ሲል «የደረሰበትን ገና አልተቀበለም» ይላሉ። ሲቆጣ «ራሱን መግዛት አቅቶታል» ብለው ይጽፋሉ። ከቀጠሮ ሲቀር ደግሞ «መዳን አይፈልግም»። በመጨረሻ ገራፊው ተረስቶ ተገራፊው ጥፋተኛ ሆኖ ይወጣል! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረትም ይጠቀስበታል። ተረቱ እውነት ነው፤ በሽታን ለማን እንደሚገልጡ ግን አይናገርም።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። የማርቲኒክ ተወላጁ ሐኪም ፍራንትዝ ፋኖን እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው አልጄሪያ፣ በብሊዳ የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ሲጀምር፣ የቅኝ ገዢው ሐኪሞች አገሬው በተፈጥሮው ዋሾ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ተከሳሹ ለፖሊስ ያመነውን በኋላ ይክዳልና! ፋኖን ከባልደረባው ከላካቶን ጋር እ.ኤ.አ. በ1955 ባቀረበው ጽሑፍ ነገሩን ገለበጠው። ሰው ጥፋቱን የሚያምነው የእኔ ከሚለው ማኅበር ጋር ለመታረቅ ነው። ጉልበቱን ፈርቶ ሕጉን ላልተቀበለው ገዢ ምን ብሎ ይናዘዛል?

ፋኖን ራሱም ተሳስቶ ነው የተማረው። ለአውሮፓውያን ሴቶች የሠራለትን የስብሰባና የጋዜጣ ዘዴ ለሙስሊም ወንዶች ቢያመጣው ከሸፈ። ስሕተቱን ግን በሕሙማኑ አላሳበበም፤ የራሱ መሆኑን አመነ። አገሬው የለመደውን ቡና ቤት ከፈተ፤ በዓላቸውን አከበረ፤ ተረት አዋቂ ጋበዘ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ሥራውን ለቀቀ። ሰውን በገዛ አገሩ ባዳ በሚያደርግ ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ አእምሮን አድናለሁ ማለት አልዋጥ ብሎት ነበር።

«ሐኪም ከፖለቲካ ገለልተኛ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ይገድላል» የሚለን አይጠፋም። ዝምታ በእርግጥ ሊገድል ይችላል። ነገር ግን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የጓደኛውን ስም ሳያወጣ ያን ሌሊት ያነጋው ሰው፣ ዝምታው ክብሩ ነው፤ የሰው ሕይወት አትርፎበታል። ያንን «የበሽታ ምልክት» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ገለልተኛነት ነውን? የገራፊውን ሥራ ከዳር ማድረስ ነው እንጂ!

ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ እውነትን ማፈላለግም አንዱ ክፍሉ ነው። ይህ ማለት ብዙ ቁስለኛ እንደገና «ተናገር» ይባላል ማለት ነው። እንግዲህ ከመናገሩ በፊት ይነገረው። ቃሉን ማን ይጽፈዋል? መዝገቡ የት ይቀመጣል? ማን ያነበዋል? መሐል ላይ «ይብቃኝ» ቢል ይከበርለታል? እነዚህን ሳይመልስ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ፣ ነጭ ጋዋን ቢለብስም መርማሪ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ የተወጋውን ለማዳን የሚሻ ሁሉ ያ ሌሊት የቀማውን አንድ ነገር አስቀድሞ ይመልስለት፤ «አልናገርም» የማለት መብቱን።