ውሃው ሲበዛ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሲሚንቶ ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ።

ፍኖተ ሰላም ባለው ግቢያችን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቀዩን አፈር ከነጎመኑ ጠርጎ ይወስድብን ነበር። እኔና ባለቤቴ ከልጃችን የትምህርት ቤት ገንዘብ ተበድረን ጡብና ሲሚንቶ ገዛን፤ ከጉልበት የማያልፍ አጥር በገዛ እጃችን ገነባን። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ማዕዘኑ ተከፈተ። መጋጠሚያውን በጥፍሬ ብጭረው አሸዋ ሆኖ ረገፈ።

“ውሃ ያበዛኸው አንተ ነህ” አልኩት። “የደረቀውን ውሃ ጨምርበት ያልሽው አንቺ ነሽ” አለኝ። ሁለታችንም እውነት ተናግረናል። ግን ሁለት ቀን በአንድ ገበታ ተኮራርፈን በላን። በዚያው ሳምንት ለመጋባት የተዘጋጁ ጥንዶችን ልንመክር ቀጠሮ ነበረን!

በኋላ ከቡሬ የመጡ አንድ አዛውንት ግንበኛ አይተውት፣ “ልጆቼ፣ ይህ እንደ ጭቃ ቤት አይደለም” አሉን። በጭድ የቦካ ጭቃ ጣራ ስለሚከልለው ዕድሜ ያገኛል፤ ሜዳ ላይ የቆመ አጥር ግን ዝናቡን በአናቱ ይቀበላል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 13 ላይ በማይረባ ጭቃ ተመርጎ ዝናብ ስለሚጥለው ቅጥር ይናገራል። እኛ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አስተምረነዋል!

ያስተማሩንን ላካፍላችሁ። አሸዋውን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ አስቀምጡት፤ ከላይ ወፍራም የጭቃ ሽፋን ከተኛ አሸዋው መታጠብ አለበት። በአካፋ አትገምቱ፤ በአንድ ባልዲ ለክታችሁ 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ አድርጉ። የ50 ኪሎ ከረጢት ሙሉውን ከቦካ በ20 ሊትር ባልዲ 7 ያህል አሸዋ ይፈልጋል። መጀመሪያ በደረቁ መልኩ አንድ እስኪሆን አገላብጡት፤ ከዚያ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። በማንኪያው ላይ ሳይፈስ ከቆመ ይበቃል። ውሃው ሲበዛ ለማንሣት ይቀላል፣ ሲደርቅ ግን ቀዳዳ ትቶ ይደክማል።

በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ አቡኩ። መጠንከር የጀመረውን በውሃ ማለስለስ ያዳናችሁት ይመስላችኋል እንጂ ኃይሉን ገድላችሁታል። ደረቅ ጡብ ውሃውን ስለሚመጥ አስቀድማችሁ አርጥቡት። በታችኛው ረድፍ ጎርፍ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። ከገነባችሁ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት።

የተከፈተውን ማዕዘን አፍርሰን እንደገና ሠራነው፤ እኔ ለካሁ፣ እርሱ አቦካ። የጥንዶቹ ቀን ሲደርስም ባለቤቴ ከመጽሐፉ በፊት የግቢያችንን አጥር አሳያቸው፤ ኩርፊያችንንም አልደበቀም። ልጅቷ ሳቀች፤ እጮኛዋ ግን ዝም ብሎ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ጫረው። አልረገፈም።

እናንተስ በቤታችሁ የጠነከረ ነገር ላይ ውሃ ብቻ እየጨመራችሁ ይሆን? አንዳንዱ ሳይዘገይ ፈርሶ እንደገና መቡካት አለበት።