የዕቁቡ ብር፣ ቪትዝና ሶኬት

ቤንዚን የማይጠጡት ሁለት እግሮቼ ይመስገኑና መርካቶን ዛሬም በእነሱ ነው ያካለልኩት።

የዛሬው ጨዋታ ከሱማሌ ተራ ነው። እዚያ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ ጓደኛ አለኝ። የቪትዝና የኮሮላ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ከወለል እስከ ጣሪያ ደርድሮ የሚውል ልጅ ነው። ስፖኪዮም አለው። (የማን እንደነበር አልጠየቅሁትም። ጠዋት የተሰረቀበትን ስፖኪዮ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሄዶ ስለገዛው ሰውዬ ያልሰማ አዲስ አበቤ መቼም የለም።)

እናላችሁ ይኼ ልጅ ዕቁብ ወጣለት። ሠርጉ ደግሞ ደርሷል። ደወለና፣ «ስማ፣ መኪና ልገዛ ነው፤ የኤሌክትሪክ!» አለኝ። ሳቄ መጣ። የካንዴላ ነጋዴ ካንዴላ የሌለው መኪና ሲገዛ አስቡት!

ለካስ አንድ ደላላ አይዲ ፎር የምትባለዋን ቮልስዋገን ወደ እንጦጦ ሽቅብ አስነድቶታል። «ስረግጣት ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ! የኔ ቪትዝ ብትሆን እዚያ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት ታመሻለች» አለኝ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ አየር ሲያንሰው ጉልበቱም ያንሳል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት አላት ብሎ የሸጣት ባለ 1 ሊትር ቪትዝ እንጦጦ ጫፍ ላይ 50ም ቢቀራት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ያለውን ጉልበት ገና ከመነሻው ይሰጣል። ለዚህ ነው ጀርባው የተለጠፈው።

የኪስ ጉዳይም አለ። የቤንዚን ሞተር ከጠጣው ነዳጅ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። አውቶቡስ ተራ አካባቢ መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆሙ ሞተሩ እየጠጣ ይጠብቃችኋል። ኤሌክትሪኩ ሲቆም ሞተሩም ይቆማል። ፍሬን ስትይዙ እንዲያውም ከሚባክነው ጉልበት ጥቂቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ የምትዞር ቪትዝ 4 ሊትር ገደማ ትፈልጋለች። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ከ101 ብር አልፏል። ያንኑ መንገድ ኤሌክትሪኩ በ8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ቢሆንም ከማደያው ጋር አይወዳደርም።

ልጁ ይኼን ሁሉ ከደላላው ሰምቶ ጨርሷል። ሊፈርም አንድ ቀን ሲቀረው እጮኛው ሱቅ መጣች። እኔም ነበርኩ።

«ጥሩ፤ የት ትሰካታለህ?» አለችው።

ዝም። ልጁ የሚኖረው ሰባተኛ አካባቢ ነው። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። እማማ አከራይዋ ለምጣድ እንኳ ተራ አውጥተው ነው የሚያበሩት። መኪናው ራሱ በበሩ አይገባም። በየቀኑ የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ቢሄድ ደግሞ የነዳጅ ሰልፉን በሌላ ሰልፍ መቀየር ነው።

ቀጠለችና፣ «ሁሉም ሰው እንዳንተ ከገዛስ፣ ይኼን ሁሉ ለማን ትሸጠዋለህ?» አለች መደርደሪያውን እያሳየች።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልጁ ቀና ብሎ ዕቃውን መቁጠር ጀመረ። ካንዴላ? የለውም። የዘይት ፊልትሮ? የለውም። ፍሪሲዮን? የለውም። ፒስቶንና ፋሻ? የለውም። ማርሚታ? ጭስ ከሌለ ምን ማርሚታ! የፍሬን ሸራ አለው፤ ግን ሞተሩ ራሱ ፍሬን ስለሚያግዝ ቶሎ አያልቅም። ኩሽኔታ አለው። «ስፖኪዮማ አለው» አልኩት ላስቀው ብዬ። አልሳቀም። መንግሥት በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከልክሏል ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ነበር የመሰለው።

እኔ የመከርኩት እንዲህ ነው፤ በተመሳሳይ ጣጣ ውስጥ ያላችሁም ስሙኝ። አትደንግጥ። በአገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና አለ፤ አብዛኛው ነዳጅ ጠጪ ነው። አዲስ የማይገባ ከሆነ ያለው ይጠገናል እንጂ አይጣልም። እንደኔ ግምት ካንዴላህ ቢያንስ 10 ዓመት ያበላሃል። ከዚያ በላይ ግን በእሱ አትተማመን። የዕቁቡን ብር መኪና ላይ አታፍስሰው። ግማሹን እንደ አይዲ ፎር መንገድ ላይ ለበዙት መኪናዎች መብራት፣ አሞርዛተርና የፊት መስታወት አስመጣበት። እነዚህ መኪናዎች ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴ በኩል የመጡ ናቸው። ስክሪናቸው እንኳ ቻይንኛ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ዕቃቸውን የያዘ ሰው ይፈለጋል።

ብዛት የሌለውን ሞዴል ግን አትንካ። ሞጆ ላይ ሆላንድ ካር መኪና ገጣጥሞ «አባይ» እያለ ሲሸጥ ስንቱ በአገሩ ስም ኮርቶ ነበር! ኩባንያው ከገበያ ሲወጣ ባለመኪናው መኪናውን ይዞ ቀረ።

የግድ እገዛለሁ የምትሉም ካላችሁ ቀለሙንና ስክሪኑን ተዉት፤ ባትሪው ስንት በመቶ ጤና እንደቀረው በመሣሪያ አስለኩ። ሞልታችሁ ነድታችሁ እዩት። ለሰፈር መካኒክም በመፍቻ እንዲነካካው አትስጡ፤ እዚያ ውስጥ ያለው ቮልት 400 ገደማ ነው፣ ሰው ይገድላል።

ባለፈው ቅዳሜ በሱቁ በኩል ሳልፍ ሁለት የአይዲ ፎር የፊት መብራት ከካርቶን እያወጣ ነበር። እጮኛው ደግሞ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ስሙን በአማርኛም በቻይንኛም ትጽፍበታለች። ቻይንኛውን ከስልኳ ላይ ነው የምትገለብጠው። «መኪናውስ?» አልኩት።

«እማማን ስለ ቆጣሪው አናግሬያቸዋለሁ፤ እናስብበታለን ብለውኛል» አለኝ። ለሠርጉ ቪትዟን እያሳጠበ ነው።