ዲስኩ ይላጥ ወይስ ይቀየር? ዶላር የፍሬናችንን ሒሳብ ሲቀይረው

ፍሬን ስትይዙ መሪው እጃችሁ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መካኒኩ ከሁለት አንዱን ይላችኋል፦ «ዲስኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጥ» ወይም «በአዲስ ይቀየር»። ይሄ የጋራዥ ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ግን ሰሞኑን የኢኮኖሚም ጥያቄ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አዲስ ዲስክ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ የቶርኖው የእጅ ዋጋ ግን በብር ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ሁለቱን ስትደምሯቸው ሒሳቡ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው፤ ላጥ፣ አሁንም ላጥ።

መላጥ በራሱ ነውር የለውም። ዲስክ እኩል አያልቅም፣ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ይሳሳል፤ ቶርኖ ያንን ያስተካክላል። ግን ገደብ አለው። አብዛኛው ዲስክ ላይ ከዚህ በታች መሳሳት የለበትም የሚል ቁጥር በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። በትንንሽ መኪኖች በአዲሱ ውፍረትና በዚያ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። በቃ፣ ያለችው እሷው ናት። ከእሷም ላይ ሸራው በየቀኑ ሲበላ ኖሯል።

ከቁጥሩ በታች ቢላጥስ? ከጋራዥ ስትወጡ ምንም አይታወቃችሁም፤ እንዲያውም መሪው ጸጥ ብሎ ደስ ይላል። ጉዱ የሚወጣው ቁልቁለት ላይ ነው። ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት ይቀይራል፣ ሙቀቱን የሚሸከመው ደግሞ ብረቱ ነው፤ የሳሳ ብረት ቶሎ ይግላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ መሀል ሸራው ከጋለ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

እኔን የሚያሳስበኝ ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ ነው። ቶርኖ ቤቱ የሚከፈለው ስለላጠ እንጂ «ይሄ አይላጥም» ብሎ ስለመለሰ አይደለም። ባለመኪናው ዛሬ የአዲስ ዲስክ ዋጋ ይተርፈዋል። በአፕ ጠርታችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁት እናንተን ግን ማንም አልጠየቃችሁም።

ስለዚህ ዲስክ ከመላጡ በፊት «መጀመሪያ በካሊፐር ለካልኝ» በሉ። ሲላጥ የሚነሳው ተቀንሶ የሚቀረው ከተቀረጸው ቁጥር በላይ ከሆነ ይላጥ። ካልሆነ፣ ወይም ስንጥቅ ካለው፣ ክርክር የለም፣ ይቀየር። ሲቀየርም የግራውና የቀኙ አብረው ነው። ያገለገለ ዲስክ የምትገዙ ከሆነም ልኬቱ አይቀርም፤ የሌላ ሰው ያለቀ ዲስክ በቅናሽ መግዛት ምን ዋጋ አለው?

ደግሞ አንዳንዴ ዲስኩ ጤነኛ ነው። የሚያርፍበት ሞዞ ላይ ዝገት ካለ፣ ወይም የጎማው ብሎኖች እኩል ካልጠበቁ፣ ዲስኩ ሲዞር ይወዛወዛል፤ በዚያው ከተነዳ ቀስ በቀስ እኩል ሳይሆን ያልቃል። ዝገቱን በብረት ብሩሽ ማጽዳት ከሁለቱም ይረክሳል። ይሄን ሳያዩ ዲስክ ቢቀየር መንቀጥቀጡ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁስ? እናንተ ጋ ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚቀንሰው ሞተሩ ስለሆነ ዲስኩ ከማለቅ ይልቅ ዝገት ነው የሚያስቸግረው፣ በተለይ ክረምት ላይ ቆሞ ሲከርም። ቁጥሩ ግን እዚያም አለ፣ ልኬቱም ያው ነው።