የተሳትፎ ነጥብ ያለ መስፈርት አይሰጥ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክህሎት ኮርስ ከተከታታይ ምዘናው ጥቂት ነጥብ «ለተሳትፎ» መያዝ የቆየ ልማድ ነው። ነጥቡ አምስትም ይሁን አሥር፣ ተማሪው በምን እንደሚያገኘው ወይም በምን እንደሚያጣው አስቀድሞ በጽሑፍ የሚያውቅበት አጋጣሚ ግን ብዙ አይደለም። አንዱ መምህር አቴንዳንሱን ይቆጥራል፤ ሌላው እጅ ሲያወጡ ያያቸውን ያስታውሳል፤ ሦስተኛው በሴሚስተሩ ማብቂያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ ሰጥቶ ግሬዱን ይዘጋል። ይህን ምዘና ብሎ መጥራት አይቻልም።

እጅ ማውጣት የሚለካው ምንን ነው? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ በተከታዩ ዓመትም ግማሹን ላላመጡ ተማሪዎች የሪሚዲያል ፕሮግራም መጀመሩን የሚያስታውስ ሁሉ፣ ተማሪዎች በእኩል ዝግጅት ግቢ እንደማይገቡ ያውቃል፤ ስለዚህም አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ፣ እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ እምብዛም ሳይሰማ ግቢ የገባ ወጣት፣ በቋንቋው ሲያወራ ካደገ የከተማ የግል ትምህርት ቤት ልጅ እኩል ደፍሮ ይናገራል ብሎ አይጠብቅም። በታላቅ ፊት ቃልን መጥኖ መናገር ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገን ተማሪ ስለ ዝምታው ነጥብ መቀነስ ደግሞ አስተዳደጉን መቅጣት ነው።

የጽሑፍ ክፍል ተሳትፎ የሚታየው በወረቀት ላይ ነው። የመጀመሪያ ረቂቁን በቀኑ ያቀረበ፣ የተሰጠውን አስተያየት ተቀብሎ ወይም በምክንያት ተሟግቶ አንቀጹን ዳግም የጻፈ፣ የጓደኛውን ረቂቅ አንብቦ «ጥሩ ነው» ከማለት አልፎ ሐሳቡ የላላው የቱ ጋ እንደሆነ ያመለከተ ተማሪ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፁ ባይሰማ እንኳ ተሳትፏል። ተማሪዎች በቡድን ይደራጁበት በነበረው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን እንደታየው፣ አንዱ የሠራውን የቡድን አሳይመንት የቀሩት ስማቸውን አስገብተውበት እኩል ነጥብ የሚካፈሉበት አሠራር ግን የተሳትፎ ተቃራኒ ነው።

በክፍል መገኘትም በመተዳደሪያ ደንብ የተጣለ ግዴታ እንጂ ነጥብ የሚያሰጥ ትሩፋት አይደለም። የትምህርት ክፍሎች መስፈርቱን በኮርስ አውትላይኑ አስፍረው በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎች ሊያሳውቁ፣ ነጥቡንም ከፋይናል ፈተና በፊት አሳይተው ቅሬታ ሊቀበሉ ይገባል፤ ይህ ባልተሟላበት የተሳትፎ ነጥብ ጨርሶ መመዝገብ የለበትም።

የአንድን ክፍል ረቂቅ ሁሉ ደጋግሞ ማንበብ ከባድ መሆኑን አንዘነጋም። የተማሪውን ቁጥር የሚወስነው ግን መምህሩ አይደለምና፣ ዲኖችና የአካዳሚክ ጉዳዮች ኃላፊዎች ሴክሽን ሲደለድሉ የጽሑፍ ኮርስን ከሌክቸር ኮርስ ለይተው ሊያዩት ግድ ይላቸዋል።