«ወርቅ ለምን አይዝግም?»

ዲማ ውስጥ ነው የተጠየቅኩት። ጋምቤላ ክልል ያለችው ይህች ወረዳ በባህላዊ ወርቅ ማውጣት ትታወቃለች። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ አፈር ሲያጥብ ውሎ ያገኛትን ብናኝ መዳፉ ላይ አሳየኝ። እኔ «ስንት ግራም ትሆናለች?» አልኩት፤ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነኛ! እሱ ግን «ቆይ፣ ወርቅ ለምን አይዝግም?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

መልሱ ኤሌክትሮኖቹ ጋ ነው፤ ወርቅ ኤሌክትሮኖቹን ለኦክስጅን በቀላሉ አይሰጥም። ይህን ስፈልግ የባሰ ጉድ አገኘሁ። በ2024 የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው ወርቅ ሠርተው «ጎልዲን» አሉት። እንደነሱ አባባል ወርቅ እዚህ ድረስ ሲሳሳ ሴሚኮንዳክተር ሊሆን ይችላል። ያው ወርቅ፣ ሌላ ጠባይ!

ኤሌክትሮኖች እንዲህ ባለ ስስ ገጽ ላይ ሲታሰሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ማምለጫ የላቸውም። ልክ እንደ መርካቶ ጠባብ መተላለፊያ፣ አንዱ ሲገፋ ሁሉም ይናጋል። በረዶ ውሃ የሚሆነው በሙቀት ነው፤ እዚህ ግን ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ አካባቢ፣ ሙቀት በጠፋበት፣ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ወይም የማግኔቱን ኃይል መቀየር ብቻ ኤሌክትሪክ አስተላላፊውን ነገር የማያስተላልፍ ሊያደርገው ይችላል። የኳንተም ለውጥ የሚባለው ይኸው ነው።

በ1979 ፊሊፕ አንደርሰንና ባልደረቦቹ እንዲህ ባለ ስስ ገጽ ላይ እውነተኛ ብረት ሊኖር አይችልም የሚል ስሌት አወጡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ክራቭቼንኮና ባልደረቦቹ ሲለኩት እንደ ብረት የሚያስተላልፍ ነገር አዩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። የሙከራው ዕቃ ደግሞ የሲሊከን ትራንዚስተር ነበር፤ ይህን የምታነቡበት ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የታጨቀው ትራንዚስተር የቅርብ ዘመድ ማለት ነው።

እኔ 11ኛ ክፍል ሶሻል የመረጥኩት ፊዚክስን ሸሽቼ ነው። ፎርሙላ ስንሸመድድ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ መኖሩን የነገረን አልነበረም። ያ ልጅ ግን ማንም ሳያስተምረው ከጥያቄው ጀመረ።

ጎልዲን ነገ ዲማን ያበለጽጋል አልልም፤ ውሸት ይሆናል። «መጀመሪያ ውሃና መንገድ» የሚለኝም አይጠፋም፤ ልክ ነው። ግን ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ከአንድ ግራም ወርቅ ዋጋ በእጅጉ ያንሳሉ። ወርቅ የሚወጣበት ወረዳ ሁሉ ከወርቁ ገቢ ጥቂቱን ለትምህርት ቤቶቹ የፊዚክስ ቤተ ሙከራና ለመምህሩ ይመድብ። ወርቁን በግራም ሸጠን እንጨርሰዋለን። የልጁን ጥያቄ ግን የሚመዝን ሚዛን እስካሁን አላበጀንም።