ስምንት ፎቶግራፎች ስለ ማሽላ

ባለፈው ኅዳር እዚህ በሲሪንቃ ለፎቶግራፍ ተማሪዎቼ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ ይህ ነበር፤ «ስለ ማሽላ ስምንት ፎቶግራፎች አንሥታችሁ፥ በቅደም ተከተል አሰናድታችሁ፥ አንድ ታሪክ ተናገሩ።» ማሽላን የመረጥሁት ሁሉም የሚያውቀው ስለ ሆነ ነው። በሚያዝያ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨደው ይህ እህል እንጀራችን ነው፤ አገዳው ለከብት ቀለብ፥ ለምድጃም ማገዶ ይሆናል። በቀበሌያችን ያለው የግብርና ምርምር ማእከልም ከሚደክምባቸው ነገሮች አንዱ የማሽላን ዘር ማሻሻልና አቀንጭራ የተባለውን ክፉ አረም መከላከል ነው።

ተማሪዎቹ በየቤተ ሰቡ ስልክ አንሥተው መጡ። የብዙዎቹ ስምንት ፎቶግራፍ ስምንት የማሽላ ዛላ ነበረ! ይህ አንድን ቃል ስምንት ጊዜ መድገም እንጂ ታሪክ መናገር አይደለም። ስለዚህ እንደገና አስረዳኋቸው። መጀመሪያ ከሩቅ ሆኖ አገሩን ማሳየት፤ ቀጥሎ ወደ ሰውየው መቅረብ፤ ከዚያም እጁን፥ ማጭዱን፥ በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚጠብቀውን ልጅ ማየት ይገባል። ፀሐይ በአናት ላይ ስትቆም የሻሽና የባርኔጣ ጥላ ዓይንን ይሰውራልና፥ ማለዳና ሠርክ ይሻላል።

ዩጂን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1948 እ.ኤ.አ. በላይፍ መጽሔት ስለ አንድ የገጠር ሐኪም ያወጣው ሥራ ለዚህ ትምህርት እስከ ዛሬ አብነት ነው። ስሚዝ ሐኪሙን ለሳምንታት ተከተለው። በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ በደመና ሥር ወደ በሽተኛ ሲሄድ ይታያል፤ በመጨረሻው ግን እናትና ልጅ ከሞቱበት በኋላ የቡና ስኒ ይዞ ደክሞት ቆሟል። በሁለቱ መካከል ያለውን ድካም አንባቢው ራሱ ያነበዋል።

ለእኛ ለወሎ ሰዎች ግን ሌላም ነገር አለብን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን፥ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም ያነሣው ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ። እርዳታ አስገኝቷልና የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ብዙ ባዕዳን ወሎን እስከ ዛሬ የሚያውቋት በዚያ ሥዕል ብቻ ነው።

ይህን ካስተማርሁ በኋላ አንዲት ተማሪ የሚያስደንቅ ፎቶግራፍ አመጣች። አንዲት አሮጊት በአውድማ ዳር ጎንበስ ብለው የወደቀ ማሽላ ይለቅማሉ፤ የሠርኩ ብርሃን በነጠላቸው ላይ ወርዷል። ግርጌው ላይ «እንደ ሩት» ብላ ጽፋበታለች። እኔም ደስ ብሎኝ አመሰገንኋት፤ ፈቃድ መጠየቅ አለመጠየቋን ያሰብሁት ዘግይቼ ነው። አልጠየቀችም ነበር። ፎቶግራፉን ይዛ እንድትመለስ አደረግሁ።

አሮጊቷም አይተው፥ «ልጄ፥ ቃራሚ አስመሰልሽኝ እኮ! ማሳውም የኔ፥ ክምሩም የኔ» አሏት። ነጠላቸውን አስተካክለው፥ በክምሩ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙና «አሁን አንሺ» አሉ።

በክፍል ውስጥ ክርክር ተነሣ። እውነቱን ለመናገር፥ በብርሃንም በአቀማመጥም የመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሁለተኛው ለመታወቂያ የተነሣ ይመስላል። እኔ ግን ሁለተኛው ይግባ አልሁ፤ ሦስት ተማሪዎች እስካሁን አልተስማሙም። ስምንተኛ ሆኖ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ግርጌውም አሮጊቷ እንዳሉት «የዘንድሮ ማሽላዬ» ይላል።